አባቴ ጠመንጃውን ሊያስረክብ የወጣ ዕለት

ትናንት ልጄን ናቲን እዚህ ካልጋሪ፣ ፋልከንሪጅ ሰፈር ካለው የሥራ ቦታው ተቀብዬ ስመለስ፣ የመኪናው ሬዲዮ ስለ ጠመንጃ ያወራ ነበር። የክፍለ ሀገሩ መንግሥት አዲስ የሕግ ረቂቅ አቅርቧል። አንዱ ደዋይ መብቴ ነው ይላል፣ ሌላዋ ቁጥጥሩ ይጥበቅ ትላለች። እኔ ዝም ብዬ እነዳለሁ።

«እማዬ፣ ዋይ አር ዩ ሶ ኳየት? ቢል እኮ ነው፤ ገና ዲቤት ይደረግበታል» አለኝ።

እውነቱን ነው። እኔ ግን እንዲህ ያለ ወሬ በሰማሁ ቁጥር አባቴ ትዝ ይለኛል።

ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነበር፤ ከአገር ወጥተን ካልጋሪ ከገባን ሁለተኛው የበረዶ ወራት። የምንኖረው ዋይትሆርን፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። አባቴ ሥጋ ፋብሪካ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሽማግሌ ጡረታ ሲወጣ የአደን ጠመንጃውን በስጦታ ሰጥቶት ነበር። ጥይት እንኳ ገዝቶለት አያውቅም። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ዘይት ይቀባዋል፣ እንጨቱን ይዳብሰዋል፣ መልሶ ምድር ቤት ይሰቅለዋል። ወንድ ሆኖ መሣሪያ የማይወድ የት ይገኛል?

አንድ ቅዳሜ ዜናው ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ የሚል የሕግ ሐሳብ መቅረቡን ተናገረ። ተረጎምኩለት። «ገና ሐሳብ ነው አባዬ» አልኩት።

«መንግሥት ያሰበውን ትቶ ያውቃል?» አለና እራቱን ሳይጨርስ ተነሣ።

ታላቅ ወንድሙ፣ በደርግ ጊዜ መሣሪያ አስረክቡ ሲባል፣ ገጠር ለቅሶ ላይ ነበር። ከተማ ሲመለስ ቀኑ አልፏል። ቢሆንም በገዛ እግሩ ይዞ ሄደ። በዚያው ቀረ።

በማግሥቱ ጠዋት እናቴ ቂንጬ እያማሰለች «አባትሽ የት ሄደ?» አለችኝ። ምድር ቤት ወረድኩ። ጠመንጃው የለም፤ ጋቢውም የለም። በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ነፍሶ የነበረው ሞቃት ነፋስ ያቀለጠው በረዶ አድሮ ረግቶ፣ መንገዱ መስታወት ሆኗል። እየወደቅሁ እየተነሣሁ ሮጥኩ።

ጣቢያው ላይ አገኘሁት። ረዘም ያለ የጋቢ ጥቅል ጭኑ ላይ አጋድሞ ባቡር ይጠብቃል፤ ፖሊስ ጣቢያ ሊሄድ። ተመስገን ብዬ ሳልጨርስ ሁለት ፖሊሶች ደረጃውን ወረዱ። አባቴ ሲያያቸው ፊቱ በራ። መንገድ አቀለሉለታ! ተነሣ፣ ጎንበስ አለ፣ ጥቅሉን በሁለት እጁ ወደ እነሱ ዘረጋ። እኛ ዘንድ ለተከበረ ሰው በአንድ እጅ አይሰጥም፤ እነሱ ግን ይህን ከየት ያውቁታል? ጋቢው መፈታት ጀምሯል።

«አባዬ፣ ተቀመጥ! ይገድሉሃል!» ብዬ ከነጥቅሉ ተጠመጠምኩበት።

አንደኛው ፖሊስ ደህና መሆናችንን ጠየቀ። እንግሊዝኛዬ ሁሉ ጠፍቶብኝ ራሴን ብቻ ነቀነቅሁ። አለፉ።

«ለምን ከለከልሽኝ?» አለኝ አባቴ። «ነገ ዘግይተሃል ቢሉኝ ማን ይመሰክርልኛል?»

ቤት መልሼው ለፖሊስ ደወልኩ። መጥተው ጠመንጃውን በትሕትና ተረክበው ወሰዱ፤ እናቴ ቂንጬ ካልቀመሳችሁ ብላ አስቸገረቻቸው። ያ ሕግ ከዚያ በኋላ ስንት ክርክር እንደተካሄደበት! አባቴ ግን ያን ሰሞን ልብሱን ሳያወልቅ ነበር የሚተኛው። ሊወስዱት ሲመጡ እንዳያስጠብቃቸው።

ይህን ለናቲ ነግሬው አላውቅም። ትናንትም ሳልነግረው፣ ስልኩን አውጥቶ ሬዲዮ ጣቢያው ጋ ደወለ፤ ረቂቁን እቃወማለሁ ሊል ነው። መንግሥትን በአደባባይ የሚከራከር ልጅ ወለድኩ ብዬ ልኮራ ስል አፌ ቀደመኝ።

«ናቲዬ፣ ስምህን ግን እንዳትነግራቸው።»

ሳቀብኝ። ከዚያም ስሙን ከነአያቱ ጥርት አድርጎ ተናገረ። ፈራሁ። ደግሞም፣ ምነው አባቴ በሕይወት ኖሮ በሰማው አልኩ።