የዓሣው ግዝት

ወንድሜ እንየው ማንም ያላየውን ጥፋት ተሸክሞ ሄዶ የሚናዘዝ የዋህ ነበር። የዋህነቱ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። እስቴ ውስጥ ከጉና ወረድ ብሎ ገብስ ያርሳል፤ ከማሳው ግርጌ ትንሽ ሐይቅ አለች።

ለዚያች ሐይቅ ድሮ ማንም ግድ አልነበረውም። ኋላ በጃንሆይ ጊዜ፣ የመሬቱ ጌታ ፊታውራሪ ሀብቴ ከፈረንጅ ወዳጃቸው ጋር ትራውት የሚሉትን ነጠብጣብ ዓሣ በበርሜል አስጭነው አምጥተው ጨመሩባት። ሲረባ ሕግ አወጡ፤ ከክንድ ያጠረ ዓሣ ወደ ውሃው ይመለስ፣ በቀን ከሁለት በላይ አይያዝ፣ በብርብራ ፍሬ ዓሣ ማስከር ይቅር። ሕጉስ ባልከፋ። ግን ባላገር ዘበኛ እንደማይፈራ ያውቃሉና መምሬ ገብረ ሚካኤልን አስመጥተው አስገዘቱ። ግዝቱን ያፈረሰ ቤተ ክርስቲያን አይገባም፤ የገዘተው ቄስ ካልፈታው ሌላ ቄስ አይፈታውም። መምሬ ሲገዝቱ "ማንም ቢሆን" ነው ያሉት፤ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለዓሣ ብሎ የሰው ነፍስ ማሰር፣ እፍረት የላቸውም።

የእንየው ሚስት ዓለምጸሐይ ሴት ልጅ በወለደች ሰሞን እህል አልረጋላት አለ። እንየው መርፌ ቆልምሞ ሐይቅ ወረደ። አንድ ዓሣ ያዘ፣ ከስንዝር ብዙም የማይበልጥ። ሊመልሰው ሲል መርፌውን እስከ ሆዱ ውጦታል፤ ሲነቅለው ሞተ። የሞተውን ቢመልሰው ምን ይረባል? አብስሎ አበላት። በማግስቱ በገዛ እግሩ ሄዶ ለመምሬ ተናገረ፤ ንስሐ አባቱም እሳቸው ናቸውና።

"ልጄ፣ ግዝቱን ያዘዙት ፊታውራሪ ናቸው። እሳቸው ይሁን ሳይሉ እንዴት እፈታሃለሁ?" አሉት።

ፊታውራሪ ደግሞ ሄዶ ቢለምናቸው፣ "ለሌላው መቀጣጫ ይሁን። እንግዳ ሲመጣ ቅርጫት እየያዘ ያገልግል፣ ከዚያ እናያለን" አሉ።

እንየው የለመነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ልጁ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሳ ገብቶ አጠገቧ እንዲቆም። እኔ አንጀቴ እያረረ ብናገረው፣ "ተይ ስንዱ፣ ይፈቱኛል" ይለኛል። በሬ ካራጁ ይውላል የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው።

ክርስትናው ሊደርስ ሲል ልብስ ላጥብ ወደ ሐይቋ ወረድሁ። ፊታውራሪ እንግዶቻቸውን ይዘው ዳር ተቀምጠዋል። በዘንግ ይስባሉ፣ ዓሣው ሲንፈራገጥ ይስቃሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ያላማራቸውን ሣር ላይ ጥለውት ይሄዳሉ። የዓሣ አንጀት በየቦታው ተዝረክርኮ ዝንብ ወርሮታል። እንየው መካከል ቆሞ ቅርጫት ይዟል፤ ቅርጫቱ እስከ አፉ ሞልቶ፣ አብዛኛው ክንድ ቀርቶ ስንዝርም አይሞላ። መምሬም አሉ፤ ጥብሱን እየበሉ ጢማቸው በቅባት ወዝቷል።

ሲጨርሱ ፊታውራሪ እየሳቁ፣ "እንግዲህ መምሬ፣ ግዝትዎ እኛንም እንዳይዘን" አሉ።

መምሬ እጃቸውን በሣር ጠርገው መስቀላቸውን አወጡ። "እግዚአብሔር ይፍታችሁ" አሉ፣ ውሃ አቀብሉኝ እንደማለት። እንግዶቹ ምን እንደተባለ ሳይገባቸው ፈገግ አሉ። ያን ጊዜ እንየው ቅርጫቱን አስቀመጠ፤ ጋቢውን አደግድጎ ከሰዎቹ ኋላ አንገቱን ደፋ።

መምሬ አዩትና መስቀሉን ወደ ጉያቸው መለሱ። "አንተን አላልሁም፤ ቀና በል።"

ቀና አለ። ቅርጫቱንም መልሶ አነሳ። ማንሳቱ ነው ከሁሉ ያቃጠለኝ።

የክርስትናው ለት ልጅቱን ክርስትና እናቷ ታቅፋት ገባች፤ እኔና እናቷም ተከተልን። እንየው ከቅጥሩ ውጭ ግንቡን ተደግፎ ቀረ። ሥርዓቱ ሲያልቅ መምሬ ሊያሳልሙኝ መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ዓሣ ዓሣ ሸተተኝ፤ ሳልሳለም አልፌ ወደ ወንድሜ ወጣሁ።