ቆላ ውለን ደጋ ልናድር

ከመካነ ሰላም በወጣንበት ዋዜማ ምሽት፣ እናቴ ስለምንሄድበት አገር የማታውቀውን ሁሉ ነገረችኝ። የምትሄዱት ወደ ፀሐይ መግቢያ ነው ብለዋታል። እንግዲያው ፀሐይ ስትወድቅ የምትወድቀው ከእነሱ ጓሮ መሆን አለበት ብላ ደመደመች። «ጀምበር ስታዘቀዝቅ ደጅ እንዳትገኚ፤ እዚያ ቅርብ ስለሆነች ትለበልብሻለች» አለችኝ። ሰዎቹ ደግሞ እግራቸው ወደ ኋላ የዞረ ነው፣ ጨው አያውቁም፣ ሰው ይበላሉ ይባላል፤ አይበሉም ብሎ የሚምልላቸውም አልተገኘም።

እኔና ባለቤቴ ይመር ሳቅን። በዚያ ቤት የሳቅነው የመጨረሻ ሳቅ ነበር። ሰባ ሰባት ነው፤ በሬዎቹ አልቀዋል፣ ዘሩን በልተነዋል፣ ጎታው ውስጥ ብትጮህ ድምፅህ ይመለስልሃል። ልጃችን ዘነቡ የፊት ጥርሶቿን ነቅላ ገና አላበቀለችም፤ ከአያቷ ጭን ላይ ሆና ታዳምጣለች። ስሟን ያወጣንላት በተወለደችበት ዓመት ዝናቡ እንዳማረ ከርሞ ስለነበር ነው። በዚያ ሰሞን ግን ስሟን ጮክ ብሎ መጥራት ሰማዩን ማሽሟጠጥ ይመስል ነበር።

ዘነቡ ከእናቴ ጋር እንድትቀር ተስማማን። እኛ ቀድመን አገሩን እንየው፤ ደህና ከሆነ መጥተሽ አምጫት እንልሻለን፣ ክፉ ከሆነ ራሳችን እንመለሳለን አልናት። ወረኢሉ ገበያ ደርሶ እንደመምጣት ቀላል አድርገን ነበር የምናወራው። እናቴም እሺ አለች፤ ሰው ይበሉ አይበሉ እስኪጣራ ልጁን ማን ይሰጣቸዋል!

ካድሬው ከዚያ በፊት ሰብስቦን ነበር። መሬቱ ባዶ ነው፣ ሰው ረግጦት አያውቅም፣ ትራክተር ያርስላችኋል፣ እናንተ ከጥላ ሥር ተቀምጣችሁ ብርቱካን ትልጣላችሁ አለን። አንድ ሽማግሌ ተነሡና «ልጄ፣ ይህን ያህል ያማረ አገር ከሆነ እስከ ዛሬ እንዴት ሰው ሳያየው ቀረ?» ብለው ጠየቁት። ካድሬው ጥያቄው ወደፊት ይመለሳል አላቸው። ሽማግሌው ከእኛ ጋር ሄደው መልሱን ሳይሰሙ ሞቱ፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ገና ሳይነጋ በጭነት መኪና ተጫንን። የለጋምቦ ብርድ አጥንታችንን ሲበላው «ይህ ብርድ የት አባቱ፣ ተገላገልነው» እያልን እንረግመው ነበር። ኋላ ስንት ጊዜ እንደናፈቀኝ! ደሴ ላይ አውቶቡሶች ተደርድረው ቆመዋል። ይህኛው ወዴት ነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም፤ ወደ ሰፈራ ነዋ። የአንድ አጥቢያ ሰዎች በር የተከፈተልን በተከፈተልን ገባን። እኛ ወለጋ ወረድን። ከኋላችን የተሳፈሩት ጎረቤቶቻችን ጋምቤላ፣ የይመር እህት ደግሞ መተከል መድረሳቸውን የሰማነው ከወራት በኋላ ነው።

ሰው ረግጦት አያውቅም የተባለው አገር ስንደርስ ከየጎጆው ጭስ ይወጣል። ባዶ ነው ከተባለው መሬት ላይ ሰዎች የተቀቀለ በቆሎ በሰፌድ ይዘው መንገድ ዳር ቆመው ጠበቁን። ይመር ከመኪናው እንደወረደ መጀመሪያ ያየው እግራቸውን ነበር። ቀና ብሎ «ወደ ፊት ነው» አለኝ በሹክሹክታ፣ ወላሂ ደስ ብሎት።

እነሱም እኛን እያዩ ነበር። ጎረቤታችን የሆነችው ትልቅ ሴት ጫልቱ ትባላለች፤ እዚያ ለከበረች ሴት አዴ ይላሉና አዴ ጫልቱ እላት ነበር። ነቀምት ስላደገች አማርኛ ታውቃለች። ሰላምታቸው አያልቅም፤ እኔ የወሎ ሴት ሆኜ ሰላምታ ረዘመብኝ ካልኩ አስቡት። ሰላምታው ሲያልቅ ዙሪያ ዙሪያውን ዞረችና ብዙ ቀን ስታብሰለስለው የከረመችውን ጠየቀችኝ። «እውነት ነው ወይ፣ በእናንተ አገር ሰው ሲተኛ ወደ ገደል እንዳይንከባለል በገመድ ይታሰራል የሚሉት?»

ልስቅ ብዬ አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። እናቴ ከአፋፍ ላይ ስታርም እኔን በመቀነቷ ከግንድ ጋር ታስረኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ከብቶቻችንም ቢሆኑ ከዚያ አፋፍ ስንቱ ተንከባሎ ቀርቷል። «ልጆቹን ብቻ ነው የምናስር» አልኳት። አዴ ጫልቱ ደረቷን መታች፤ ወሬው እውነት ሆነ ማለት ነው። በማግስቱ ሠፈሩ ሁሉ ሰምቶት እያዘነ ያየን ጀመር።

ይህን አገር አገር እንዳንለው ያደረገን ግን ማታው ነው። የወሎ ቦረና ሰው የሆናችሁ ታውቁታላችሁ፤ እኛ ዓባይ በረሃ እንወርዳለን፣ ጉዳያችንን እንፈጽማለን፣ ጀምበር ሳትጠልቅ አቀበቱን ይዘን ደጋችን እንገባለን። የወባ ንዳድ የሚይዘው ቆላ ያደረን ሰው ነው፤ ቆላ የዋለውን አይነካም። አባቶቻችን ያሉን ይህንን ነው። እዚህስ? ሜዳ ነው፣ ከሜዳው ኋላም ሜዳ ነው፤ ዓይን የሚያርፍበት ተራራ የለም። ምሥራቁ የት እንደሆነ እንኳ ሰማይ ካላየሁ ይጠፋኝ ነበር። ከመንደሩ በስተጀርባ ግን ዶሮ ሳታርፍ የምትወጣው አንዲት ጉብታ አለች። ይመር አያት፣ ዞራት፣ ከዚያ ሰውን ሰብስቦ ደጋችንን አገኘሁት አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ የቦረና ሰዎች በሙሉ ጀምበር ሲያዘቀዝቅ ጋቢና ሰሌን ተሸክመን፣ ሕፃናት አዝለን፣ ጉብታዋ ላይ እንወጣለን። የተሠሩልን ጎጆዎች ባዷቸውን ያድራሉ። አዴ ጫልቱና ጎረቤቶቿ በራቸው ላይ ቆመው ሰልፉን ያያሉ። የወሎ ሰው ከፍ ካላለ እንቅልፍ አይወስደውም አሉ፤ አንዳንዱም አምልኮ ነው አለ።

የሰፈራው ኃላፊ ሰምቶ መጣ። ቤት የተሠራው ለማን ነው ብሎ ጮኸ። ይመር ለቀን ነው አለው። ሌሊትስ ቢለው፣ ሌሊት ደጋ እንወጣለን አለው። ኃላፊው ደጋው የታለ አለ፤ ይመር በአገጩ አመለከተው። ሰውየው ጉብታዋን ብዙ አያትና «ይህቺ ደጋ ከሆነች እኔም ንጉሥ ነኝ» አለ። ወዲያው ያለው ነገር ገባውና ማን እንደሰማው ለማየት ዙሪያውን ቃኘ። ያን ቀን ከዚያ በላይ ሳይቆጣን ሄደ።

ምግቡ በቆሎ ነው፤ ጧት በቆሎ፣ ማታ በቆሎ። ውኃው ንጋት ላይ እንኳ ለብ ያለ ነው፣ ጉሮሮ አያርስም። እንጀራው ቢቀር፣ ገብስ ቆሎ እፍኝ ብቻ፣ ከዚያ ጥርስ የሚያደነዝዝ የምንጭ ውኃ ባገኝ እያልኩ እመኝ ነበር። ትራክተሩ መጥቶ ነበር። ጥቂት አረሰና ቆመ፤ ዶሮዎች ወንበሩ ላይ እንቁላል ይጥሉ ጀመር።

ክረምቱ ሲገባ ወባ ተነሣ። ጉብታዋ ላይ ያደረውንም፣ ጎጆው ውስጥ ያደረውንም ያዘ። አዴ ጫልቱ ቀድማ ነግራን ነበር፤ ቢንቢ ነው የሚያመጣው፣ ቢንቢ ደግሞ ክንፍ አላት፣ ጉብታ መውጣት አያቅታትም፤ ይልቅ ቤታችሁ ገብታችሁ ጭስ አጭሱ ብላናለች። ይመር ግን ቆላ የሚኖር ሰው ስለ ቆላ እንዴት ክፉ ያወራል፣ አገሯን ስለምትወድ ነው አለ። ይመርን ታውቁት ቢሆን ትስቁ ነበር። እኔ አሁን መሳቅ አልችልም።

በሽታው ሲጥለው ክሊኒኩ የወባ ክኒን አልቆበት ነበር። ቀን ቤት አስተኝቼው እውላለሁ፤ ሲመሽ ካላወጣችሁኝ ይላል፣ ሰዎች ተሸክመው ያወጡታል። የሞተበት ዕለት ወደ ማታ ላይ ዓይኑን ገለጠና «ሙሉ፣ ትንሽ ወደ ላይ አውጭኝ» አለኝ። ከጉብታዋ አናት ላይ ነበርን። ከዚያ በላይ ወደ ላይ የሚባል ነገር አልነበረም። ራሱን አንሥቼ ጉልበቴ ላይ አስደገፍኩት።

«አሁንስ ደጋ ነው?» አለ።

«ደጋ ነው። ነፋሱ አይታወቅህም?»

ነፋስ አልነበረም። እኔ ነበርኩ በነጠላዬ የማራግብለት። እዚያው ጉልበቴ ላይ ዐረፈ። የአዴ ጫልቱ ልጆች መቃብሩን ቆፈሩልኝ፤ እዚያው አናቱ ላይ ይቀበር ብዬ ለመንኳቸው፣ እነሱም ከብት የሚያውሉበት ቦታቸው ሆኖ ሳለ እሺ አሉኝ። አዴ ጫልቱ እንደ ወሎ ሴት ደረቷን እየመታች ከእኔ ጋር አለቀሰች። እኔ አገሬን ጠላሁ፣ ይህን አገር ጠላሁ፣ የማልጠላው ቦታ አጣሁ።

የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። ዘነቡ እዚህ መምጣት የለባትም። በአገራችን ረሃቡ እንዳለ ነው፣ አውቃለሁ፤ ግን እዚያ እናቴ አለች፣ የእርዳታ ስንዴም መጣ ይባላል፤ እዚህ ደግሞ ክረምቱ ገና አልወጣም፣ በየጎጆው ሕፃናት እየሞቱ ነው። ለሰፈራ ሁለተኛ ዙር ሊጫን ነው የሚል ወሬ ደረሰኝ። ቀድሜ እናቴን ማግኘት ነበረብኝ።

ከተማ ለመውጣት የኃላፊው ፈቃድ ያስፈልጋል። ሄድኩና እናቴን በስልክ ላገኛት እፈልጋለሁ አልኩት። ምን ልትያት ነው አለኝ። ደህና ነን ልላት ነው አልኩ፤ እውነቱን ብናገር አይለቀኝም።

«ጥሩ። ስለ ትራክተሩም ንገሪያት» አለኝ።

«ትራክተሩ እኮ ቆሟል፣ ጓድ።»

«መቆሙን ማን ጠየቀሽ? አለ አይደል?»

አለ አልኩት፤ ፈቀደልኝ።

የቴሌው ሰራተኛ ደግ ሰው ነበር። መካነ ሰላም ላለው ባልደረባው ነግሮ፣ እናቴ በገበያተኛ እንድትጠራ ቀጠሮ ያዘልኝ። በቀጠሮው ቀን ከማለዳ ጀምሬ ተቀመጥኩ። መስመሩ ሲገኝ ጀምበር ማዘቅዘቅ ጀምራለች። የምለውን ሳላቋርጥ ለማለት በልቤ ስደጋግመው ነው የዋልኩት፤ ይመር ሞተ፣ ዘነቡን አታምጫት። ይመር ሞተ፣ ዘነቡን አታምጫት።

የእናቴ ድምፅ መጣ። ስልክ ይዛ አታውቅም፤ ሩቅ ስለሆንኩ ከማዶ ማሳ እንደምትጠራኝ እየጮኸች ነው። ገና አፌን ሳልከፍት ትመርቀኝ ጀመር።

«እማ፣ ስሚኝ» አልኳት። «ዘነቡን…»

«ደረሰች?» አለችኝ። «አልሐምዱሊላህ! እኔማ ዛሬ የተጠራሁት መድረሷን ልትነግሪኝ ነው ብዬ በሩጫ መጣሁ።»

ምን እንደጠየቅኳት አላስታውስም። እሷ ናት የነገረችኝ። ስንዴው ሳይዳረስ አልቋል። ልጅቷ መቆም አቅቷት ነበር። ካድሬው ሰፈራ ዘመድ ያለው ዘመዱ ዘንድ ይሄዳል አለ፤ እናቴ ለራሷም ልትመዘገብ ብትል አርጅተሻል ብለው መለሷት። ስለዚህ ዘነቡን ከጎረቤት ሴት ጋር አሳፈረቻት። ሰው ይበላሉ የሚለውን ወሬ ትታዋለች፤ የሚበላ ነገር ያላቸው ሰዎች ሰው አይበሉም አለችኝ።

«የትኛው ሰፈራ ነው የተሳፈረችው፣ እማ?»

«ሰፈራ ነዋ፣ እናንተ ያላችሁበት። ስትወርጂ የሙሉና የይመር ልጅ ነኝ በይ ብያታለሁ። አብሽሪ፣ ልጅቷ አፏ ሹል ነው፣ ጠይቃ ታገኛችኋለች።»

«አውቶቡሱ የት ይሄዳል አሉሽ?»

«ኧረ ሰፈራ አልኩሽ እኮ» አለች፤ ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ አለ። አሁን አትጮህም። «ሙሉ፣ ስንት ሰፈራ አለና?»

የቴሌው ሰው ሰዓቱ ማለቁን በእጁ ያሳየኛል። እናቴ ትንፋሽዋ ይሰማኛል፤ ከመንገዱ ገና አላረፈችም፣ ምናልባት ሳትበላም ነው የመጣችው። ያላትን አንድ ነገር ለእኔ ብላ አሳፍራዋለች። ጋምቤላም፣ መተከልም፣ አሶሳም ጉሮሮዬ ላይ ደርሰው ነበር።

«አንድ ነው፣ እማ» አልኳት። «ከመኪናው ስትወርድ እቀበላታለሁ።»