ለከድጃ የመረጥኩላት ድንጋይ

ለንስሐ አባቴ ጾም መግደፌን ተናግሬያለሁ። ሐሜቴን፣ ቁጣዬን፣ ከባሌ ወንድም ጋር ሦስት ዓመት መኮራረፌን ሳይቀር ተናግሬያለሁ። እዚህችን ግን ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘልያታለሁ። ዛሬ እናንተ ስሙኝ። ፊታችሁን ስለማላየው ይቀለኝ ይሆናል።

እኔ የሰረቅሁት ድንጋይ ነው። አትሳቁ። እርሻውም መንገዱም ድንጋይ በሆነበት በመካነ ሰላም ድንጋይ የሚሰርቅ ማን ነው? እኔ ነኝ። እኔ አስካለ፣ ሰላሳ ዓመት ለሰው ልጅ “የሰው ዕቃ አትንኩ” ብዬ ያስተማርኩት።

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን እጄ ጠመኔ ሲያጣ ጠጠር ያዘ። ክረምት በመጣ ቁጥር የግቢዬ ጭቃ ጫማ ያስቀራልና ከበሩ እስከ ደጃፌ ጠጠር ላለብስ ተነሳሁ። አጥር የምንጋራው ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ናቸው መምህሬ የሆኑት። ወንዝ አብረን ወርደን ነጩን ከጥቁሩ እየለየን በከረጢት እንለቅም ነበር። አቤት ያ ጊዜ! ሁለት ትልልቅ ሴቶች ቀሚሳችንን ሰብስበን ውኃ ውስጥ ስንንቦጫረቅ መንገደኛው ቆሞ ያየን ነበር።

“ድንጋይ ደረቁን አይተሽ አትውደጅ፤ ውኃ አፍስሽበት፣ ያኔ መልኩን ያወጣልሻል” ይሉኝ ነበር። ቀጥለው ደግሞ “ባልም እንዲሁ ነው፣ ክረምት ሳይመጣበት አይታወቅም” ብለው ይስቃሉ። መጀመሪያ ያፈሰስኩት ጠጠር በሁለት ዝናብ ሲሰምጥ ጊዜ “ወላሂ፣ ጭቃውን ቀለብሽው!” ብለው አሾፉብኝ። ከሥር ሻካራ ድንጋይ፣ በላዩ ባዶ የማዳበሪያ ከረጢት፣ ከዚያ ጠጠሩን እንዳነጥፍ ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ዛሬም አረም አይወጣበትም። እንዴት እንደምናፍቃቸው!

ግቢው አማረ፤ ዓይኔ ግን አልጠገበም። ከነጩ ጠጠር መሐል ወፍ የሚጠጣበት፣ ውኃ የሚያቁር አንድ ጎድጓዳ ድንጋይ አማረኝ። እንዲህ ያለ ድንጋይ ደግሞ እትዬ ዘሀራ አጥር ሥር ተደግፎ ነበር፦ የእናታቸው ወፍጮ። እሳቸው ሲዳሩ እናታቸው ከአጅባር በአህያ አስጭነው የሰጧቸው ነው። ሞተር ወፍጮ ከመጣ ወዲህ አይፈጭበትም፤ እሳቸው ግን አልፎ አልፎ ያጥቡታል፣ በመዳፋቸው ይዳስሱታል። አብራቸው የምትኖረው ምራታቸው ከድጃ “እማ፣ ይሄ ድንጋይ ቦታ ያዘብን፣ እናውጣው” ስትል እኔም ሰምቻለሁ፣ ሰፈሩም ሰምቷል።

እትዬ ዘሀራ ለለቅሶ ወደ ከላላ ከተማ ሄደው ሦስት ቀን ቆዩ። ከድጃ ገበያ ስትወጣ ጠብቄ፣ ወፍጮውን ከረጢት ላይ አንከባልዬ፣ በአጥሩ ክፍተት ጎተትኩት። የተጣለ መስሎኝ ነበር ልበል? አልመሰለኝም። ብጠይቃቸው እንደማይሰጡኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅሁት። ሁለት ቀን ወፎች ጠጡበት፤ እኔም ተቀምጬ እያየሁ ደስ አለኝ። ደስ ማለቱን አልክድም።

በሦስተኛው ቀን “የእናቴ ወፍጮ የት ሄደ?” የሚለውን ድምፃቸውን ከአጥር ማዶ ሰማሁ። ያን ጊዜ ወጥቼ “እኔ ጋ ነው” ብል ምን ነበረበት? ተቆጥተው፣ ስቀው ያበቃ ነበር። እኔ ግን ወፍጮውን በፊቱ ደፋሁት። በሩ አጠገብ ካሉት መረማመጃ ድንጋዮች ጋር ቀበርኩት፤ ዙሪያውን ጠጠር ሞላሁበት። ጀርባው እንደማንኛውም ድንጋይ ነው።

ጥፋቱ ከድጃ ላይ ወደቀ። ሌላ ማን ላይ ይወድቃል? “ወላሂ አላነሳሁትም” እያለች ማለች። እትዬ ዘሀራ ልባቸው ተሰብሮ ከእሷ ጋር ከአንድ ገበታ መቅረብ ተዉ። ባሏም አንዴ ከእናቱ፣ አንዴ ከሚስቱ ጋር ይበላ ጀመር። በመጨረሻ የሰፈር ሰው ለማስታረቅ ተቀመጠ፤ እኔም ከአስታራቂዎቹ አንዷ ሆኜ ተቀመጥኩ።

ከድጃ “ያላደረግሁትን እንዴት ይቅርታ እጠይቃለሁ?” ብላ አለቀሰች። “ልጄ፣ ብታደርጊም ባታደርጊም ለእናት ማጎንበስ አያሳንስም። ድንጋይ ተሸክመሽ እግራቸው ላይ ውደቂ” አልኳት። እኔ ነኝ ያልኳት፤ ሌላ ሰው አይደለም። የምትሸከመውንም ድንጋይ ከግቢዬ መርጬ የሰጠኋት እኔ ነኝ፤ ለስላሳ፣ አንገት የማይቆርጥ። ያዘንኩላት መስሎኝ ነበር።

ድንጋዩን አንገቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ ብላ ስትገባ እትዬ ዘሀራ “አፉ ብዬሻለሁ፣ ተነሽ” አሉ። በማግስቱ ከድጃ ድንጋዩን በሁለት እጇ ይዛ መጣች። “እትዬ አስካለ፣ ድንጋይዎ ይኸው። ግቢዎ እንዳይጎድል” አለችኝ። ታውቅ ኖሯል? እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ተቀብዬ ቦታው መለስኩት።

ወር ሳይሞላ ከድጃ ከላላ ካሉት ወላጆቿ ጋ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ይቅር ተባለች እንጂ አልታመነችም፤ እንዲያ ሆኖ ማን ይኖራል? እትዬ ዘሀራ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ወደኔ መጡ! በግቢዬ በር በገቡ ቁጥር ያን መረማመጃ ይረግጡታል። የእናታቸውን ወፍጮ እየረገጡ “ማሻ አላህ፣ ግቢሽ አምሮበታል” ይሉኛል፤ እኔም “አሜን” እላለሁ። ታመው ሲተኙ ደግሞ እጄን ይዘው “ያቺ ልጅ ናፈቀችኝ፣ ወፍጮው ቢቀር ምን ነበረ” አሉኝ። ያኔ እንኳ አፌ አልተከፈተም። ዓምና አረፉ።

ትናንት በዶማ ቆፍሬ ወፍጮውን አወጣሁት፤ አገላበጥኩት። ጎድጓዳው ጭቃ ጠጥቷል። ውኃ ሳፈስበት እትዬ ዘሀራ እንዳሉት መልኩን አወጣ፤ የእናታቸው እጅ ያለሰለሰው ሁሉ ታየ። እዚያው ተቀምጬ አለቀስኩ።

ነገ ወደ ከላላ በሚሄደው መኪና አስጭነዋለሁ። ሰው እስከ ከድጃ ደጅ ያደርስልኛል፤ ከደጇ ወደ ውስጥ ግን እኔው ነኝ የምሸከመው። አንገቴ ባይችለው በደረቴ፣ ጉልበቴ ቢከዳኝ እየተንፏቀቅሁ። ለእሷ ቀላል ድንጋይ መርጬላት ነበር። ለእኔ ምርጫ የለም።

ከድጃ፣ ገና አፉ በይኝ አልልሽም። መጀመሪያ ተሸክሜው ልግባ።