ካርቶን ያቀፉት ሴትዮ

የኮምፒውተር መረጃን ከሌባ የሚጠብቀው ድርጅት አክሲዮን በሚሸጥበት ሰሞን፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ መሰላል ላይ ወጥቼ የኢንተርኔት ገመድ እዘረጋ ነበር። አንዲት ጠና ያሉ ሴትዮ ትልቅ ካርቶን በሁለት እጃቸው አቅፈው ገቡ። ጫማቸው ቀኑን ሙሉ ቆሞ የሚውል ሰው ጫማ ነው። ከሹራባቸው ቁልፍ ላይ እስክሪብቶ በክር ታስሯል።

አፈ ቅቤው አክሲዮን ሻጭ ሮጦ የውስጡን በር በካርዱ ሊከፍትላቸው ሲል፣ የፅዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን በሩ ላይ አጋደመች።

«እማማ፣ ካርቶኑን እኔ ልያዝልዎት። እርስዎ ግን ሳይመዘገቡ አያልፉም።»

«ኧረ ተይ፣ እናትሽ እኮ ነኝ።»

«እናቴም ብትመጣ ትመዘገባለች።»

የሴትዮዋ ፊት በራ። ካርቶኑን ሲያስቀምጡት ባዶ መሆኑን ከላይ አየሁ።

«አክሲዮን ልገዛ ብዬ፣ በዚህ ካርቶን ሦስት ድርጅት ውስጥ እስከ ኮምፒውተሮቹ ክፍል ገብቻለሁ» አሉ። «በሩን ራሳቸው ናቸው የሚከፍቱልኝ። ሠላሳ ዓመት ፋብሪካ በር ላይ ሰው ስፈትሽ ያገኘሁትን ጡረታ ለእነሱ አልሰጥም።»

ሻጩ ስለ ትርፉ የሚያስረዳውን ወረቀት ዘረጋ።

«እሱን በኋላ ታነብልኛለህ፤ የሚፈረምበትን አምጣ።»

በራሳቸው እስክሪብቶ ፈረሙ። ቀለሙ ሳይደርቅ ቀና ብለው አዩኝ።

«አንተስ ልጄ፣ ባጅህ የታለ?»

ባጄ ጃኬቴ ውስጥ፣ ጃኬቴ ደግሞ መኪና ውስጥ ነበር። የፅዳት ሠራተኛዋ መዝገቡን ይዛ ከታች ስትጠብቀኝ፣ ሥራዬን አቋርጬ ከመሰላሉ ወረድኩ።