አበባ ለማየት የጣልነው ዕጣ

ጣሊያን አገራችንን ይዞ በነበረበት ዘመን ቀራንዮ ገጠር ነበረች። ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን በታች ያለው ሰፈራችን ጥቂት ጎጆ፣ ብዙ ባሕር ዛፍና አንድ ምንጭ ነበር። ከምንጩ በላይ አንድ ጣሊያን ሰፊ ቦታ አጥሮ ጎመንና አበባ ይተክል ነበር። መሬቱን ከማን እንደወሰደው ሁላችንም እናውቃለን። ቢሆንም አበባው ሲፈነዳ በአጥሩ ቀዳዳ ማጮለቃችን አልቀረም። አበባው ምን አደረገን?

ክረምቱ በወጣ ቁጥር ፈረንጆቹ አበባቸውን ከተማ ውስጥ አንድ ግቢ ሰብስበው ያሳዩ ነበር። የማን አበባ እንደሚበልጥ ዳኛ ተቀምጦ ይፈርዳል። ይህን የነገረን የጣሊያኑ አስተርጓሚ ነው። መጀመሪያ ሲነግረን እናቴ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

"ለሰው የጠፋው ዳኛ ለአበባ ተገኘ!"

ከዚያ በሚቀጥለው ዓመት ግን ይኸው አስተርጓሚ ሌላ ወሬ ይዞ ምንጩ ድረስ ወረደ። ጣሊያኑ አበባዎቹን ከነማሰሯቸው በጭነት መኪናው በካሚዮን ሊወስድ ነው። መንገዱ ጉድጓድ ብቻ ስለሆነ ባለፈው ዓመት ማሰሮዎቹ እርስ በርስ ተጋጭተው ግማሹ መንገድ ላይ ቀርቷል። አሁን ካሚዮኑ ላይ ተቀምጠው ማሰሮ የሚይዙ ስምንት ሴቶች ይፈልጋል።

"ማሰሮውን በሁለት ጉልበቷ መሀል አጥብቃ የምትይዝ" አለ። "ሌላ ሥራ የለውም።"

"ከያዝን በኋላስ? አበባውን እናያለን?" አለች እናቴ።

"ፈረንጆቹ አይተው ሲያበቁ፣ በኋላ በር።"

"የኋላ በርም በር ነው" አለች ቅቤ ነጋዴዋ ጎረቤታችን።

በዚያ ሳምንት ሰፈሩ ሌላ ወሬ አልነበረውም። እናቴ ሹሩባ ልትሠራ ቀጠሮ ያዘች። አንዷ ቀሚሷን አጥባ አጥሩ ላይ ስታሰጣ ሌላዋ "እኔስ ምን ልለብስ ነው?" ብላ ትብሰለሰላለች። ካሚዮን ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ፣ ያስታውካል የሚሉ ሎሚ ይዘው ለመሄድ ተማከሩ። ትልቁ ክርክር ግን ስጦታው ላይ ነበር። ሰው ግቢ ባዶ እጅ አይኬድም።

"ድፎ እንድፋ" አለች አንዷ።

"አበባ ሊያሳዩን ነው የጠሩን፤ አበባ እንውሰድላቸው" አለች እናቴ። "ሜዳው አደይ ለብሶ የለም እንዴ? አንዳንድ እቅፍ ብንይዝ ማን ይጠላል?"

አስተርጓሚው ይህን ሲሰማ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። "እባካችሁ አታዋርዱኝ! እዚያ ያለው አበባ ከባሕር ማዶ በመርከብ የመጣ ነው።"

"የኛውስ? በነፃ ስለበቀለ ነው የናቅከው?" አለችው ቅቤ ነጋዴዋ።

እንዲህ ሁሉ ነገር ተወስኖ ያልተወሰነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ማን ይሂድ? ስምንት ቦታ ነው፤ ሴቱ ግን ከዚያ እጥፍ ይበልጣል። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ቅቤ ነጋዴዋ ግቢ ተሰበሰብን። "በዕድሜ ይሁን" ያለች ነበረች፤ የራሷን ዕድሜ ስትጠየቅ ግን ነጠላዋን ማስተካከል ጀመረች። "ጨቅላ የሌላት ትሂድ" የምትልም ነበረች፤ እሷም ልጆቿ ያደጉላት ናት። እኔ ያን ጊዜ ጭራሮ ለመልቀምና ውሃ ለመቅዳት የደረስኩ ልጅ ነኝ። ትልቅ ሰው ሲያወራ መሀል መግባት ነውር መሆኑንም አውቃለሁ። ግን እያንዳንዷ ለራሷ የሚስማማ ሕግ ስታወጣ መስማት አልቻልኩም።

"በዕጣ ይሁን!" ብዬ ጮህኩ። "እኔም ጉልበት አለኝና እገባለሁ!"

እናቴ በዓይኗ ገረፈችኝ። ሌሎቹ ግን ተስማሙ። እኛ ሰፈር የምንጩ ተራም፣ የቅርጫ ሥጋም የሚደርሰው በዕጣ ነበርና።

ዕጣ ደግሞ ያለ እማማ አይወጣም። እማማ የምንላቸው ከምንጩ አጠገብ ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ገና ሙሽራ ሳሉ ፈንጣጣ ዓይናቸውን አጥፍቶታል። በሬ ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ሲቀመጥ ሰው ሁሉ ምልክቱን፣ አንዱ ጠጠር፣ አንዱ ስንጥር፣ አንዱ ቅጠል፣ ቁና ውስጥ ይጨምራል። እሳቸው ደግሞ ከቁናው እያወጡ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ይጥላሉ። ስለማያዩ አድልተዋል ብሎ የሚከሳቸው የለም።

ተልኬ ሄጄ እጃቸውን ይዤ አመጣኋቸው። መንገድ ላይ "ዛሬ የምን ሥጋ ነው?" አሉኝ። የአበባ መሆኑን ስነግራቸው የነጠላቸውን ጫፍ እየዳበሱ መንገዱን ጨረሱ።

ሁሉም ምልክቱን ቁናው ውስጥ ጨመረ። እኔ የገል ስባሪ፣ እናቴ የባሕር ዛፍ ፍሬ፣ ቅቤ ነጋዴዋ የጥጥ ፍሬ። ከዚያ እማማ የነጠላቸውን ጫፍ ፈትተው ከቀሚስ የወለቀ አንድ የቀንድ ቁልፍ አወጡና "የኔም ይግባ" አሉ።

ቀድማ የተነፈሰች ቅቤ ነጋዴዋ ናት።

"ምን ሊያዩ ነው እማማ? አበባ እኮ የሚታይ ነገር ነው!"

"አንቺ ቅቤ ስትገዢ በዓይንሽ ነው የምትለዪው?"

"በአፍንጫዬ ነዋ!"

"ታዲያ የኔን አፍንጫ ማን ቆረጠው?"

ሁሉም ሳቀ፤ ቅቤ ነጋዴዋም ሳቀች፤ ግን አልተረታችም። "እሺ እሱ ይቅር። ዕጣ አውጪ ግን ለራሱ ዕጣ አይጥልም። ዳብሰው ቁልፍዎን ያውቁታላ!"

ይህ እውነት ነበር፤ እኔም እውነትነቱን አየሁ። እማማ ቁልፋቸውን በጣታቸው እያሹ "ልክ ነሽ" አሉ። "ይህን ሁሉ ዘመን የሰው ዕጣ ሳወጣ ኖሬ አንድ ቀን የኔ ምልክት ከቁና ውስጥ ገብቶ አያውቅም። ለቅርጫው የሚዋጣ አልነበረኝም፤ ቢቀርብኝ አላዘንኩም። ይሄ ግን ጉልበት ብቻ ነው የሚፈልገው። በየማታው ከዚያ አጥር የሚመጣውን ሽታ ቤቴ ቁጭ ብዬ እምገዋለሁ። አንድ ላይ ሲሰበሰብ ምን ምን እንደሚል አንድ ጊዜ ባውቀው ብዬ ነው።"

ቁልፉን ወደ ነጠላቸው ሊመልሱ ሲሉ እጃቸውን ያዝኩ።

"የእማማ ይግባ! ዕጣውን ሌላ ሰው ያውጣ!"

"ማን? ሁላችንም አለንበት" አለች አንዷ።

"መንገደኛ!"

እናቴ ጎትታኝ በጆሮዬ "አንድ ሰው በጨመርሽ ቁጥር የኛ ዕድል ይቀንሳል፣ አንቺ ልጅ!" አለችኝ።

"ይቀንስ!" አልኩ፤ ድምፄን ግን መቀነስ ረሳሁ፤ ሁሉም ሰማ።

ቁናውን ይዘን ወጥተን መንገድ ዳር ቆምን። ከአስኮ በኩል አንድ ሰው ከሰል የጫኑ አህዮቹን እየነዳ መጣ። ያን ሁሉ ሴት ሲያይ ዱላውን ጣለና እጁን ወደ ላይ አነሳ።

"እኔ ምንም አላደረግኩም! አህዮቹም የኔው ናቸው!"

"አህያህን ማን ፈለገው? ዓይንህን ጨፍን!" አለችው ቅቤ ነጋዴዋ። ይህን ስትለው ይብስ ደነገጠ። እናቴ ጉዳዩን ስታስረዳው "ለአበባ?" አለ። "ለአበባ ነው ሰው መንገድ ላይ የምታስቆሙት?" እየሳቀ ዓይኑን በእጁ ሸፍኖ ሌላውን እጁን ቁናው ውስጥ ከተተ።

አንድ ባወጣ ቁጥር እልልታ ነው። ጠጠር ወጣ፤ ጨሌ ወጣ፤ ስንጥር ወጣ። የመጨረሻው ቦታ ሲቀር ወደ ቁናው ተጠጋሁ። መዳፉን ሲዘረጋ የቀንድ ቁልፍ ነበረ።

"ምንድን ነው የወጣው?" አሉ እማማ።

"የርስዎ!" አልኳቸው። ተንበርክከው መሬቱን ስመው ተነሱ። የእናቴ የባሕር ዛፍ ፍሬና የኔ ገል ግን ቁናው ውስጥ እንደተኙ ቀሩ።

እናቴ ወደኔ ዞረች። "በይ እንግዲህ፣ ፍርድሽን በጨው ብዪው!"

ነገሩ በዚህ አላበቃም። እማማን ማን ይምራቸው? ካሚዮን ላይ ማን ያውጣቸው፣ እዚያስ ማን እጃቸውን ይያዝ? ሴቶቹ ሁሉ ወደኔ ጠቆሙ። እማማም "በትር እንደ ሰው አይቆጠርም፤ ይህች ልጅ በትሬ ትሁንልኝ" አሉ። ልቤ ዘለለ። እግሬም አብሮ ሊዘል ነበር። ቀና ስል ግን ዕጣ ያልወጣላቸውን ሴቶች ፊት አየሁ፤ ቀሚሷን አጥባ ያሰጣችውንም። በትርም ቢሆን ካሚዮን ላይ ይወጣል፤ አበባውንም ያያል።

"ለበትርነቱም ዕጣ ይጣል" አልኩ።

እናቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። "ይህችን ልጅ የወለድኳት እኔ ነኝ?"

"እኔ ልሂድ በናታችሁ!" አለ ባለአህያው። አልለቀቅነውም። የቀሩትን ምልክቶች በጥብጦ አንድ አወጣ። የጥጥ ፍሬ ነበር።

ቅቤ ነጋዴዋ ሰፈሩ እስኪያስተጋባ እልል አለች። "እጅዎን ይዤ የማያዩትን ሁሉ አሰማዎታለሁ! እማማ፣ ጆሮዎን ያዘጋጁ!"

የሚሄዱበት ቀን ካሚዮኑ ምንጩ ድረስ መጣ። አስተርጓሚው እማማን ሲያይ "ዓይነ ስውር ማሰሮ ትያዝ?" ብሎ ካሚዮኑን ተደግፎ ቆመ። ያን ጊዜ ከፊቱ የተደነቀረችው ሌላ ሰው አይደለችም፤ ቅቤ ነጋዴዋ ናት። "ዕጣ ወጥቶላቸዋል! ምን ሊያዩ ነው ብለህ እንዳትጠይቀኝ፤ እሱን ጠይቄ ተረትቻለሁ!" እማማ ተደግፈው ወጡ፤ የተሰጣቸውን ማሰሮ በሁለት ጉልበታቸው ቆለፉና "ንቀለው እስቲ ልጄ" አሉት። ሳበ፤ ደግሞ ሳበ፤ ማሰሮው አልተነቃነቀም። ራሱ ሳቀና ወረደ።

ካሚዮኑ አቧራውን እያስነሳ እስኪታጠፍ ተከትዬ ሮጥኩ። ወደ ቤት ስመለስ አለቀስኩ፤ እናቴም ስታየኝ "እንዲህ የሚያስለቅስሽን ነገር ለምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። እስከ ዛሬም ሰው ይጠይቀኛል። ትክክል የሆነ ነገር አያስለቅስም ያለው ማን ነው?

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለሱ። ከካሚዮኑ ሳይወርዱ ሁሉም በአንድ ጊዜ ያወሩ ነበር። ፈረንጆቹ የኛን ሰው ከገመድ ወዲያ አቁመውታል፤ ከፊት ደግሞ ባርኔጣ የደፉ ሴቶች ሞልተዋል።

"ያየሁት ባርኔጣ ነው!" አለች ቅቤ ነጋዴዋ። "ለእማማ ቀዩ እንዲህ ነው፣ ነጩ እንዲያ ነው እያልኩ ከልቤ ፈጠርኩላቸው። አበባውን ቀርቤ ያየሁት መሰላችሁ?"

"ሐሰቷን እኮ አውቄያታለሁ" አሉ እማማ። "አበባ ሁሉ ቅቤ ቅቤ ይመስላል ስትለኝ!"

ታቅፈውት የሄዱትን አደይ በር ላይ አስጥለዋቸዋል። አንዲት ፈረንጅ ሴት ግን ከወደቀው ጥቂት አንስታ ባርኔጣዋ ላይ ሰክታ ስትሄድ አይተዋል፤ አስተርጓሚውም ይህን አይቶ አንገቱን ደፍቶ ዋለ።

እማማን ወደ ቤታቸው ያደረስኳቸው እኔ ነኝ። ደጃቸው ስንደርስ ቆሙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ገመዱ እንዳይነካ፣ አበባው እንዳይነካ ለሁሉም ተነግሯል። እሳቸው ግን መንገዱ የጠፋቸው መስለው በገመዱ ሥር አልፈው አንዱን አበባ እስከ እምብርቱ ዳብሰውታል። ዘበኛው ጮኾ መጥቶ ዓይናቸውን ሲያይ ምን ይበላቸው? በእጁ መርቶ መለሳቸው።

"ለአንቺ ነው ያመጣሁት" ብለው ጣታቸውን አፍንጫዬ ሥር አደረጉት። "እስካሁን ምንም አልነካሁበትም። አሽቺው።"

ወደ ውስጥ ሳብኩ። የካሚዮኑ ቤንዚን ሽታ ነበር፤ ከሱ ሌላ ምንም የለም። እማማ ፊታቸውን ወደኔ አዙረው ይጠብቃሉ።

"እንዴት ነው?" አሉኝ።

"እንዲህ ያለ አሽትቼ አላውቅም" አልኳቸው፤ ደግሜም ሳብኩ።