የእትዬ ሜትር ግራጫ ጉርድ

አክስቴን በስሟ የሚጠራት የለም። የሰፈሩ ሰው ሁሉ እትዬ ሜትር ነው የሚላት፤ መለኪያው ሜትር ካንገቷ ወርዶ ስለማያውቅ። ሐኪም ቤት ሳይቀር አንጠልጥላው ትሄዳለች። አንዴ ዶክተሩ ማዳመጫውን ሊያወጣ ሲል የሷን ሜትር አይቶ፣ "እርስዎም ከኛው ሙያ ነዎት እንዴ?" አላት አሉ። አጠገቧ ቁጭ ብዬ በጆሮዬ ነው የሰማሁት፤ ግን ወሬ "አሉ" ሲባልበት ይጥማል።

ልብስ ሰፊ ናት። ሱቋ ደረጃ ሥር ነው፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ካውያ፣ ጫፉ የተሰነጠቀ መስታወት። ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ውጭ ቆሞ ነው የሚለካው። ስታወራ እስፒሎቹን በከንፈሯ እንደያዘች ነው። "እምም... ዙሪ... እምም... ሆድሽን አትሳቢ፣ ነገ ተመልሶ ይመጣል።" እኔ ይሄን ሳስመስል ደንበኞቿ በሳቅ ይፈርሳሉ፣ እሷ ደግሞ ካውያውን ታነሳብኛለች። ያሳደገችኝ እሷ ስለሆነች ግን እስካሁን አልተኮሰችኝም።

ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሰው የመንገድ ልብስ ስትቀመቅም ኖራለች። ደንበኞቿ ውጭ አገር ሄደው ባሕር አይተው ይመጣሉ፤ እሷ ሱሪያቸውን አሳጥራ ትሸኛቸዋለች። የዛሬ ሰባት ዓመት አንዷ፣ "ወይኔ እትዬ ሜትር፣ ባሕሩን ቢያዩት!" እያለች ስትቀደድ አክስቴን መርፌ ወጋት። ጣቷን እየመጠጠች፣ "አየዋለሁ" አለች። በቃ። ከዚያ በኋላ ከየሱሪው ከየቀሚሱ ትንሽ ትንሽ እያስቀረች ሰባት ዓመት አጠራቀመች። ለስምንት ቀን፣ ለሁለት ሰው። ሁለተኛዋ እኔ ነኝ፤ "ብቻዬን ብሄድ ማን ያናድደኛል?" ብላ። ደግሞም የውጭ ቋንቋ እችላለሁ። እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምሬያለሁ፤ ስምንተኛን ሁለቴ ስለተማርኩት እንደ ዘጠነኛ ይቆጠራል።

ልንሄድ ነው ሲባል ሰፈሩ ሁሉ መካሪ ሆነ። ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን በሰው ጉሮሮ ላይ እንደያዘ በመስኮት እየጮኸ፣ "እትዬ! ሁሉንም አንድ ቦታ እንዳያደርጉት! ከፋፍለው ይያዙ!" ይላል። የሚላጨው ሰውዬ መነቃነቅ ፈርቶ በዓይኑ ብቻ ይስማማል። ባንክ የምትሠራው ልጅ ደግሞ የውጭውን ገንዘብ እየሰጠቻት፣ "መንገድ ላይ እንዳይመነዝሩ። ደረሰኝ ይቀበሉ። መስኮቱን ሳይለቁ ይቁጠሩት። ካርድም ላውጣልዎት፣ ሁሉንም ጥሬ ገንዘብ ይዞ መሄድ ጥሩ አይደለም" አለቻት።

"የገንዘብ መኪናው ካርዴን ቢውጠው፣ ሆዱን ተርትሬ ላወጣው ነው?" አለች አክስቴ።

ካርዱን አልወሰደችም። ሁሉንም በጥሬው ይዛ ሄደች። የት እንዳደረገችው ግን ለማንም አልተናገረችም፤ ለኔም።

"የት አደረግሽው?"

"አለ።"

"የት አለ?"

"አለ አልኩሽ! ላንቺ ከምነግር በሬዲዮ ባስነግር ይሻለኛል።"

እኔም በልቤ፣ ጡት መያዣዋ ውስጥ ነው አልኩ። ሌላ የት ይሆናል? የናቴም፣ የአክስቶቼም፣ የጎረቤቶቻችንም ባንክ እሱ ነው።

ሄድን። እንዴት እንደበረርን ብነግራችሁ ሌላ ወሬ ነው፤ ቀበቶውን ስታስር እንኳ ስፌቱን ገልብጣ አይታ፣ "ክሩ ጥሩ ነው" ብላ ነው ዓይኗን የጨፈነችው።

የመጀመሪያው ቀን ምንዛሪ ቤት ገባን። መስታወት፣ ከሥሩ ቀዳዳ፣ ከኋላው መነጽር ያደረገ ሰውዬ። አክስቴ አንዷን ኖት ሰጠችው፤ እሱ የአገሩን ገንዘብ አወጣላት። ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። ከኋላችን ሰልፉ እስከ በር ደርሷል፤ አንዱ ያስላል፣ አንዷ በጫማዋ ወለሉን ትመታለች። ሰውዬው በእጁ "ይለፉ" አላት። አክስቴ በአየር ላይ በጣቷ ጽፋ አሳየችው፤ ደረሰኝ ማለቷ ነው። ጻፈላት። አጣጥፋ ለሰው ዓይን ብቻ በምትይዛት ትንሽ ቦርሳ ከተተችና፣ "አሁን ያስል፣ እስኪበቃው" አለች።

በሁለተኛው ቀን ወደቡ አካባቢ አንድ ዘናጭ ጎረምሳ ደረሰብን። ፈገግታው ጆሮው ድረስ ነው። ካልኩሌተር አውጥቶ ቁጥር ጻፈ፤ ከምንዛሪ ቤቱ በጣም ይበልጣል። ከኪሱ ወፍራም ጥቅልል መዘዘ።

"አክስቴ! ይሄ እኮ ይሻላል!" አልኩ።

"ለዚህ ነዋ የማልፈልገው። ሐር በአቡጀዲ ዋጋ ከሰጡሽ ገልብጠሽ ውስጡን እዪ።" ከዚያ ወደሱ ዞራ የጨርቅ ጣቃ እንደሚፈታ ሰው እጇን ዘረጋች፤ ፍታው፣ ውስጡን አሳየኝ ማለቷ ነው። ጎረምሳው እንደገባው ዓይኑ ላይ ታየ። ጥቅልሉን ኪሱ ከተተ፣ ማዶ የሚያውቀው ሰው በድንገት ታየውና ሮጦ ሄደ። መሮጡን ግን እኔ ነኝ የጨመርኩላችሁ፤ በርምጃ ነው የሄደው።

እንዲህ ካለች ጠንቃቃ ሴት ጋር ነው እንግዲህ፣ በአራተኛው ቀን ጠዋት የሞትነው።

ሻወር ገብታ ነበር። ግራጫ ጉርዷ ወንበሩ ላይ ተጥሏል። አራት ቀን ሙሉ እሱኑ ነው የለበሰችው፤ ሌላ ይዛ አልመጣችም፤ ማታ ማታ እንኳ አጣጥፋ ትራሷ ሥር ነው የምታደርገው። ትናንት ጭማቂ ደፍታበታለች። እኔ ደግሞ ደግነት ተነሳብኝ። ልብስ ለማጠቢያ የሚከተትበት የሆቴሉ ከረጢት ቁም ሳጥኑ ውስጥ ነበር። ሸሚዞቼን፣ ካልሲዎቼን፣ ያንን ጉርድ አጣጥፌ ከተትኩት። ጠርዙ ወፈር ብሎኛል፤ የድሮ ስፌት ነው ብዬ አለፍኩት። ክፍል የምታጸዳዋ ሴት በሩን ስታንኳኳ ሰጠኋት፣ ይዛው ሄደች።

አክስቴ ፎጣ ተጠቅልላ ወጣች።

"ጉርዴስ?"

"ለእጥበት ሰጠሁልሽ።"

"ምን?"

"ለእጥበት። ተተኩሶ ይመጣል። ምነው፣ እግዜር ይስጥሽ አይባልም?"

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ፊቷ እንደ አቡጀዲ ነጣ።

"ገንዘቡ እዛ ነው።"

"የቱ ገንዘብ?"

"ስንት ገንዘብ አለን አንቺ! ገንዘባችን! ቅምቅማቱ ውስጥ ነው፣ ሁሉም!"

"ጡትሽ ሥር አይደለም እንዴ?"

"ጡቴ ሥር? ሌባ መጀመሪያ የሚያየው የት ይመስልሻል?"

ሳቅ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ሂሳቡን አሰብኩት። የሆቴሉን ግማሽ ሂሳብ ካገራችን ሳንወጣ ከፍለናል፤ ግማሹ የምንወጣ ዕለት ነው የሚከፈለው። ምግቡ አለ፣ አውቶቡሱ አለ። እዚያ ከተማ አንድ የምናውቀው ሰው የለም። በቦርሳዋ ያለው ሁለት ምሳ አይገዛም። ሰባት ዓመት ሙሉ ሱሪ ያሳጠረችበት አሁን ሳሙና ውስጥ ነው።

ለካስ እያንዳንዱን ኖት እንዳይንኮሻኮሽ ለየብቻው አጥፋ በጠርዙ ዙሪያ ሰፍታው ኖሯል። ጠዋት ጠዋት መታጠቢያ ቤት ዘግታ የምትቆየው፣ አንዱን በምላጭ ተርትራ አውጥታ መልሳ እየሰፋች ነው። እኔ ሆዷን ያማታል ብዬ ስጨነቅላት!

በሌሊት ልብሷ ላይ የኔን ጃኬት ደረበችና ወረድን። ነጠላ ጫማዋ ደረጃው ላይ ጷ ጷ ይላል። እንግዳ ተቀባዩ ክራባት ያሰረ ልጅ ነው። በዚያች ሰዓት ጉርድ በውጭ ቋንቋ ምን እንደሚባል ከጭንቅላቴ ጠፋ። ወገቤን በሁለት እጄ ይዤ ዞርኩለት። ፈገግ ብሎ ግድግዳው ላይ የዳንስ ምሽት ማስታወቂያ አሳየኝ።

"ምን አለ?" አለች አክስቴ።

"ደንሱ አለ።"

"ካንቺ ጋር የወጣሁ ቀን!" ብላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የማጠቢያ ዋጋ ዝርዝር መንጭቃ ከፊቱ አስቀመጠችና የጉርዱን ሥዕል በጣቷ ደበደበችው። ልጁ ወደ ታች፣ ወደ ምድር ቤቱ ጠቆመን።

ምድር ቤቱ ይተናል። በግድግዳው ጥግ የመስታወት በር ያላቸው ትልልቅ ማጠቢያዎች ተደርድረው ይሽከረከራሉ። አክስቴ ባንዱ ፊት ተንበረከከች። ነጭ አንሶላ። ወደሚቀጥለው። ፎጣ። በሦስተኛው ግን አረፋው ውስጥ አንድ ግራጫ ነገር ብቅ፣ ጥልቅ ይላል። መስታወቱን በመዳፏ መታችው። "አቁሙት! አቁሙት!" በአማርኛ ነው የምትጮኸው። እኔም በአማርኛ ጮህኩ፤ ዘጠነኛ ክፍሌ አልደረሰልኝም።

አጣቢዋ ከልብሱ ክምር ኋላ ወጣች። ግዙፍ ሴት ናት፣ እጅጌዋን እስከ ክርኗ የሰበሰበች፣ ሽርጧ በአንድ ትከሻዋ ብቻ የተንጠለጠለ፤ ሌላው ማንገቻ ተበጥሷል። አክስቴን አየች፣ የሌሊት ልብሷን አየች። ማሽኑን አላቆመችውም። ዝም ብላ እጇን ዘርግታ ከኋላዋ ግድግዳው ላይ ካለው ሚስማር አንድ ነገር አወረደች።

ጉርዱ። ደረቅ። የጭማቂው እድፍ እንዳለ።

ማሽኑ ውስጥ የሚዞረው የኔ ካልሲ ነበር።

ከዚያ ሴትዮዋ ያለ ቋንቋ አስረዳችን። ልብስ ማሽን ከመግባቱ በፊት ጠርዝ ጠርዙን በሁለት ጣቷ ትዳስሰዋለች፤ አሳየችን፣ እንዲህ፣ እንዲህ። መስኮቱ ላይ ያለ ብርሌ አነሳች፤ በመርፌ፣ በእስፒል፣ በቁልፍ ተሞልቷል። ማሽኑን የሚያበላሹትን ሁሉ በጣቷ ነው የምትይዛቸው። ጉርዱ ላይ ስትደርስ ጣቷን አቆመች፣ ቅንድቧን ሰቀለች፣ ራሷን ነቀነቀች። ይሄ መርፌ አይደለም። ሚስማር ላይ ሰቀለችውና ባለቤቱን ጠበቀች። አልፈታችውም።

አክስቴ ጠርዙን ገልብጣ በአውራ ጣቷ ዙሪያውን ሄደችበት። "ስፌቱ የኔው ነው፤ አልተነካም" አለች። ግን ማመን ከብዷታል። ቆጥራ ካላየችው አታምንም። አጣቢዋ ይሄም ገባት መሰለኝ፤ መቀስ አቀበለቻትና ጀርባዋን ሰጥታ አንሶላ ማጠፍ ጀመረች። ከዞረችበት ዘወር አላለችም፤ እኔ ብሆን በአንድ ዓይኔ አይ ነበር።

ሁሉም አለ። አንድ ሳይጎድል። አክስቴ ኖቶቹን ጭኗ ላይ እንደያዘች ትንፋሿን ስታወጣው ከማሽኑ እንፋሎት ይበልጥ ነበር። ከዚያ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፣ ወዲያው አለቀስኩ፣ እንደገና ሳቅሁ። አጣቢዋም ምን እንደሚያስቀን ሳታውቅ አብራን ሳቀች።

አክስቴ አንዷን ኖት ዘረጋችላት። ሴትዮዋ እጇን ወደ ኋላ አደረገች። ዳግመኛ ዘረጋችላት፤ ዳግመኛ እምቢ። "እንግዲያው ቁሚ" አለቻት አክስቴ፣ በአማርኛ፣ ትከሻዋን ይዛ። ከጉርዱ ወገብ ላይ ሁሌ ሰክታ የምትይዘውን መርፌ ነቀለች፣ ክር ጠየቀች፣ የተበጠሰውን ማንገቻ እዚያው በላይዋ ላይ ሰፋችው። ከብርሌው ያወጣችውን እስፒል በከንፈሯ ይዛ፣ "እምም... አትንቀሳቀሺ..." ስትላት፣ ሴትዮዋ ቃሉን ሳትሰማ ቀጥ ብላ ቆመች። ስትጨርስ ማንገቻውን ሁለቴ ጎተተችው፤ ዝሆን ቢንጠለጠልበት አይበጠስም።

ጉርዱን ባዶውን ለእጥበት ተውንላት።

ክፍላችን ገብተን በሩን ቆለፍን። አክስቴ ገንዘቡን አልጋው ላይ ለሦስት ከፈለችው።

"ይሄ ታች ካዝና ይገባል። ያ ዳንሰኛሽ ቆልፎ ደረሰኝ ይስጠን።"

"የኔ አይደለም።"

"ይሄ የኔ ነው፤ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ አደርገዋለሁ። አየሽ? ነገርኩሽ። ይሄ ደግሞ ያንቺ።"

"የኔ?"

"ያንቺ። የት እንደምታደርጊው ንገሪኝ።"

"ሸሚዜ ኪስ" አልኩ ገንዘቡን እየተቀበልኩ። ሃያ ሁለት ዓመት አሳድጋኝ፣ ገንዘብ በእጄ ስታስቀምጥ የመጀመሪያዋ ነው። ሰባት ዓመት የተጠራቀመ፣ ለወሬኛ ያልተነገረ ነገር፣ አሁን ሲሶው መዳፌ ላይ ነው።

"ብነግርሽ ኖሮ ጉርዱን አትሰጪም ነበር" አለች፣ ወደ መስኮቱ እያየች። "ጥፋቱ ግማሹ የኔ ነው። ግማሹ ብቻ!"

ካዝናው ተቆለፈ፣ ደረሰኙ ተጻፈ። ጉርዱ እጥበት ላይ ስለሆነ የኔን ሱሪ አለበስኳት፤ ዕድሜዋን ሙሉ ሱሪ ሰፍታ ለብሳው ስለማታውቅ መስታወቱ ፊት ዞር ዞር አለችና፣ "ማነው የቆረጠው ይሄን? ብብቱ ጋ ብቻ ነው ጥሩው" አለች። ሱሪ ብብት የለውም አልኳት። "እሱን ነው የምልሽ" አለችኝ።

ወጥተን ወደ ባሕሩ ስንወርድ ቀለል ብላ ነበር የምትራመደው፤ ከመጣን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሲገፋት ልብሷን አልጨበጠችም። እኔ ግን በተራዬ ደርቄያለሁ። ሞተር ሲያልፍ እደነግጣለሁ፣ የሚያየኝ ሁሉ ሌባ ነው፣ ቀኝ እጄ ከሸሚዜ ኪስ አልወርድ አለ።

አክስቴ ጎኔን በክርኗ ነካ አደረገችኝ።

"እጅሽን ከዚያ አንሺ" አለች። "ለሌባ አድራሻ እየሰጠሽው ነው።"