ቅምሻና ሽማግሌው ፈረስ

የእህቴ ባል ከብት ማደለቢያ ውስጥ መኖ ቀላቃይ ነው። ትክክለኛ ስሙን የሚያውቁት እህቴና መታወቂያው ብቻ ናቸው፤ ሌላው ሰው ሁሉ «ቅምሻ» ይለዋል። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ሳይቀምስ ያወጣው መኖ የለማ! በቆሎውን፣ ፉርሽካውንና ፋጉሎውን በአካፋ ሲያገላብጥ ይቆይና ጎንበስ ብሎ በሁለት ጣቱ ቆንጠር ያደርጋል፤ ምላሱ ላይ ጣል አድርጎ ዓይኑን ይጨፍናል። «ጨው አንሶታል» ካለ አንሶታል። እኔ የዚያው ግቢ በር ጠባቂ ነኝ፤ ስንት ጊዜ ላሳስተው ሞክሬ አፍሬ ተመልሻለሁ። ቤቱ ሲገባ ግን ምግቡ ጨው ቢበዛበት እንኳ ትንፍሽ አይልም። እህቴን እንደሚፈራት ማንንም አይፈራም።

የሥራ ባልደረባው ፈረስ ነው። መኖውን በጋሪ ከመጋዘን ወደ ገንዳዎቹ የሚያደርስ፣ ጥርሱ ያለቀ፣ ዓይነ ውሃው ግን ከብዙ ሰው የሚሻል ፈረስ። «ሽማግሌው» ይለዋል። አመሻሽ ላይ ሥራ ሲያበቃ የመቀላቀያውን ወለል ይጠርግና ጥራጊውን በባልዲ ይዞለት ይሄዳል፤ መጀመሪያ ራሱ ይቀምሳል፣ ከዚያ ለሽማግሌው ያቀርባል። ይህን ሳያደርግ ቤቱ የገባበት ቀን የለም። እህቴ «ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ አቅርበህልኝ ታውቃለህ?» እያለች ታበሽቀዋለች።

ባለፈው ዓመት አዲስ ዱቄት መጣ። የከብት ሐኪሟ፣ ልጁ ልትሆን የምትችል ቀጭን ሴት፣ መጋዘን ውስጥ ሰብስባን ታስረዳን ጀመር። ዱቄቱ በከብቱ ሆድ ውስጥ ያሉትን በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን ስለሚያስተካክል፣ ሰንጋው ያንኑ መኖ በልቶ የተሻለ ሥጋ ያወጣል። የሚጨመረው ለአንድ ኩንታል ጥቂት ማንኪያ ብቻ ነው፤ እሱም መጀመሪያ ከአንድ ሳህን ፉርሽካ ጋር፣ ቀጥሎ ከአንድ በርሜል፣ በመጨረሻ ከሙሉው ጋር ይታሻል። ቅምሻ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

«ሌላው ደግሞ» አለች፤ «ይህ የገባበትን መኖ ማንም እንዳይቀምስ።»

ሁላችንም ወደ እሱ ዞርን። ከኋላ አንዱ ሳቁ አመለጠው።

«ለእኔ ነው?» አለ ቅምሻ።

«ለሁሉም ነው፣ ጋሼ። ደግሞ… አዎ፣ በተለይ ለእርስዎ።»

«ልጄ፣ አንቺ ሀ ሁ ስትቆጥሪ እኔ መኖ እቀላቅል ነበር!» ብሎ ኮቱን አንሥቶ ወጣ። በሩን ቀስ ብሎ ነው የዘጋው፤ በጣም ሲናደድ እንዲያ ነው።

ሐኪሟ ትንሽ ደንግጣ ቀጠለች። ዱቄቱ ለከብት መልካም ቢሆንም ለፈረስ መርዝ ነው፤ ልቡን ነው የሚመታው፤ ማርከሻም የለውም። ሰማሁ፤ እሺ ብዬ ወደ ጥበቃዬ ተመለስኩ። የቅምሻ ባልዲ ትዝ እንኳ አላለኝም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ቅምሻ ቢቀየምም በሥራው ቀልድ አያውቅም። በሦስተኛው ቀን ዱቄቱን ልክ እንደተባለው በማንኪያ፣ በሳህን፣ በበርሜል አድርጎ ቀላቀለ። አመሻሽ ላይ ባልዲውን አንጠልጥሎ አጠገቤ ሲያልፍ «ሰላም ዋልክ?» ተባባልን። የግቢውን በር መዝጋት ጀምሬ ግማሽ ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የበራልኝ። በሩን እንደተከፈተ ትቼ ሮጥኩ።

ስደርስ ሽማግሌው አፍንጫውን ባልዲው ውስጥ ከቶ ነበር። አንድ አፍ ወሰደ፤ ወዲያ ወዲህ አላመጠና አብዛኛውን መሬት ላይ ጥሎ ፊቱን አዞረ። ቅምሻ ደሙ ፈላ።

«አንተም ደግሞ?» እያለ ከባልዲው ቆንጥሮ ፊት ለፊቱ ቀመሰለት። «ይኸው! ምን ጎደለው? ጨዉ ልክ ነው!»

ባልዲውን በእርግጫ አልኩት።

«አብደሃል እንዴ?»

«ለፈረስ መርዝ ነው፣ ጋሼ! አንተ ከወጣህ በኋላ ነው የነገረችን!»

እጁ አፉ ላይ ቀረ። ስለ ራሱ አንድም ነገር አልጠየቀኝም። የፈረሱን ከንፈር ፈልቅቆ ምላሱ ሥር የቀረውን ርዝራዥ በጣቱ ያወጣ ጀመር። እንባው ጢሙ ላይ ይወርዳል።

ሐኪሟ ተጠርታ መጣች። ቅምሻን አፉን አስጉመጥምጣ የፈረሱን ልብ አዳመጠች።

«ምን ያህል ዋጠ?»

«አላውቅም» አለ። ይህን ቃል ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እንግዲህ ሦስት ቀን ጋሪ አይነካም። ልቡ ከተጎዳ እስከዚያ ይታወቃል።»

ሦስቱን ቀን ቅምሻ መኖውን ለአርባ ገንዳ በጀርባው ተሸክሞ አደረሰ። በየምልልሱ በጋጣው በኩል ዞሮ ጆሮውን ሽማግሌው ጎን ላይ ይለጥፋል። ምን እንደሚሰማ እግዜር ይወቅ። እህቴ ምሳውን እዚያው ድረስ ይዛለት መጣች፤ ያን ሰሞን አልቀለደችበትም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ድርቆሹን ጨርሶ የቅምሻን የኮት ኪስ ይፈትሽ ነበር። ሐኪሟ ልቡን ደጋግማ አዳመጠችና «ደህና ነው» አለች።

ቅምሻ የፈረሱን አንገት ሁለት ጊዜ መታ መታ አድርጎ ወጣ። ትንሽ ቆይቶ ሐኪሟ መጋዘን ውስጥ ካለችበት በርጩማ ይዞ መጣ። ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ቆቡን አወለቀና ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው።

«ምነው ጋሼ?»

«ያን ትምህርት ልጨርስ ብዬ ነው።»

«እሺ። ከመጀመሪያው ልጀምርልዎ?»

«አይ፣ ልጄ» አለ። «ከወጣሁበት ቀጥይልኝ።»